የአያቴ ጣቶች የት ሄዱ?

አንባቢዬ ሆይ! ጋዜጣ ስንገልጥም ሆነ ራዲዮ ስንከፍት የሳይንስ ወሬ ሁልጊዜ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ ይመስለናል። በ2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ማረፏን ሰምተን ተደነቅን። የአገራችን የዳሎል ፍል ውሃና አሲዳም ኩሬም የሌሎችን ፈለኮች ጠባይ ለሚመረምሩ ሊቃውንት መማሪያ መሆኑን ስንሰማ ጥቂት ኮራ አልን። ነገር ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ታክሲው «ዘነበወርቅ፣ አለርት!» እያለ በሚጠራበት መንገድ ዳር፣ ከአንድ አጥር በስተጀርባ ከአምሳ ዓመት በላይ ምርምር ሲካሄድ መኖሩን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? እኔ ራሴ በዚሁ ክፍለ ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ስሆን፣ በዚያ አጥር ሥር በየቀኑ ሳልፍ ነገሩን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ልብ እንድል ያደረገችኝ አንዲት ተማሪዬ ናት።

ዕለቱ ስለ ባክቴሪያ የምናስተምርበት ነበር። እኔም ምሳሌ የሰጠሁ መስሎኝ፣ «የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሰውን ሥጋ ይበላል፤ ጣትም ይቆርጣል» አልሁ። ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ እሱማ በዘር የሚወርድ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ልጅ ግን አልሳቀችም። ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ደብተሯን ደረቷ ላይ እንደ ያዘች ቀረች።

«መምህር» አለችኝ፤ «አያቴ መድኃኒቷን ጨርሳ ድነሻል ከተባለች ሠላሳ ዓመት ሊሆናት ነው። ባክቴሪያው ከሞተ ማን ነው የሚበላት? ከዚያ በኋላ የጐደሉት ጣቶቿ የት ሄዱ?»

የምመልሰው አጣሁ። «ጠይቄ፣ አንብቤ እነግርሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የዚያ ዕዳ መክፈያ ነው።

ከከተማ ዳር የተሠራ ቤት

በ1930ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው ሐኪም ቤት ሲሠራ፣ ቦታው ከከተማው ወጣ ያለ ነበር። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሠራ ቤት ከሰው መንደር ራቅ ማለት አለበት ተብሎ በሚታመንበት ዘመን መሆኑን አንርሳ። ሕሙማኑም ከጐጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከሌላውም አገር በትር ተመርኩዘው ይመጡ ነበር። ብዙዎቹ ታክመው ወደ አገራቸው ለመመለስ ቢያስቡ፣ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ሚስት ሌላ ባል አግብታለች፤ ርስቱን ወንድም ይዞታል፤ ጐረቤት ከምንጩ ውሃ አያስቀዳም። ስለዚህ በሐኪም ቤቱ ዙሪያ ጐጆ ቀለሱ፤ ተጋቡ፤ ወለዱ። ዛሬ ከተማው አድጎ አልፏቸው ሄዶ እነሱን መካከል አድርጓቸዋል።

በ1965 በዚያው ቦታ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌና የተሐድሶ ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ሕዝቡ የሚጠራው በእንግሊዝኛ ስሙ ምሕፃር «አለርት» ብሎ ነው። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ሐኪሞችና ነርሶች ሥራውን ለመማር ወደ እኛ ሰፈር መጡ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሥራውን ጀመረ። ስሙን ያገኘው ከኖርዌያዊው ሐኪም ከጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። ይህ ሰው በርገን በተባለችው ከተማ ሲሠራ፣ በ1873 ከሕሙማን ሰውነት በወሰደው ናሙና ውስጥ እንደ በትር የቀጠኑ ጥቃቅን ፍጥረቶችን በማይክሮስኮፕ አየ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ነገሩ በዘር የሚወርድ ነው ይሉ ነበር። ከኋላ ወንበር የተነሣው ተማሪዬ እንግዲህ ብቻውን አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ከመቶ አምሳ ዓመት በፊት ከነበሩ ፕሮፌሰሮች ጋር ነው።

በሳሕን የማይበቅል ጠላት

አንድን ባክቴሪያ ለማጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ምግብ በተደረገበት የመስተዋት ሳሕን ላይ ይዘራዋል፤ እንደ ዘርም አብቅሎ ይመረምረዋል። በአንጀታችን የሚኖረው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ግን አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ሐንሰን ካየው ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በሳሕን ሊያበቅለው የቻለ ሰው የለም።

ምክንያቱ ከብዙ ዘመን በኋላ ተገለጠ። በ2001 ሊቃውንት የባክቴሪያውን የዘር መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበው ጨረሱ። የቅርብ ዘመዱ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ 4,000 ያህል የሚሠሩ ጂኖች ሲኖሩት፣ የሥጋ ደዌው ያሉት 1,600 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ጂኖቹ ደግሞ እንደ ፈረሰ ቤት ምልክታቸው ብቻ የቀረ፣ ሥራ ያቆሙ ናቸው። ብዙ ዘመን በሰው ቤት ተጠግቶ ሲኖር የገዛ ማጀቱን የረሳ ጥገኛ መሆኑ ነው። ከሰው ሰውነት ውጭ ራሱን መመገብ አይችልም።

ታዲያ እንዴት ተጠና? በ1960 አሜሪካዊው ሼፐርድ በአይጥ መዳፍ ውስጥ ቢወጋው ቀስ እያለ እንደሚራባ አሳየ። መዳፍ የተመረጠበት ምክንያት አለው፤ ይህ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። በሰውም ላይ ቆዳን፣ አፍንጫንና ከቆዳ ሥር የሚያልፉ ነርቮችን የሚያጠቃው ስለዚህ ነው። በ1971 ደግሞ አርማዲሎ በተባለው፣ ገላው ከሰው ገላ ቀዝቀዝ ባለው፣ ቅርፊት በለበሰው የአሜሪካ አውሬ ውስጥ በብዛት ሊራባ እንደሚችል ታወቀ።

የአይጡ ሙከራ ወራት ይፈጃል። ከሕመምተኛው ቆዳ በጣም ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል፤ በአይጡ መዳፍ ይወጋል፤ ለአይጡ ከመድኃኒቱ ጋር የተቀላቀለ ምግብ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። የዚህ ምርምር መነሻ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ «ከቆዳዬ ውሰዱ» ማለቱ ነው። በየመንደሩ የተባረሩት ሰዎች ባይፈቅዱ ኖሮ፣ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ቢሰበሰቡ ሊያውቁት የሚችሉት ነገር ጥቂት ነበር።

ከቀለም፣ ከአፈር፣ ከቤተ ሙከራ

ስለ መድኃኒቶቹ የኬሚስትሪው ታሪክ እንደ ተረት የሚጥም ነው። ዳፕሶን የተባለው ውሁድ በ1908 በጀርመን አገር ተሠርቶ፣ ጥቅሙ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ተቀመጠ። በ1941 አሜሪካ ውስጥ በካርቪል ሐኪም ቤት የእሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ተሞክሮ ሕሙማን ሲሻላቸው ታየ፤ ከዚያም ዳፕሶን ራሱ ርካሽ ክኒን ሆኖ ዓለምን ዞረ። ሪፋምፒሲን ደግሞ የመጣው ከአፈር ነው። በ1957 ከፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ የጥድ ደን የተወሰደ አፈር በሚላኖ ከተማ ቤተ ሙከራ ሲመረመር፣ ጀርም የሚገድል ነገር የሚያመነጭ ባክቴሪያ ተገኘበት። ተመራማሪዎቹም «ሪፊፊ» በተባለ በዚያ ዘመን በታወቀ የሌቦች ፊልም ስም ሰየሙት፤ የመድኃኒቱም ስም ከዚያ ወጣ። ሦስተኛው ክሎፋዚሚን ነው፤ የተሠራው በአየርላንድ በደብሊን ሲሆን፣ የታሰበውም ለሳንባ ነቀርሳ ነበር። መልኩ ቀይ ቀለም ስለ ሆነ የሚወስደውን ሰው ቆዳ ያጠቁራል። ሐኪሙ «ይህ ያልፋል» ይላል፤ ሕመምተኛው ግን ጐረቤት እንዳያውቅበት ይጨነቃል።

ሦስት መድኃኒት ለምን አስፈለገ? ዳፕሶን ብቻውን ሲሰጥ ባክቴሪያው ለመደው። በ1977 ከአዲስ አበባ የወጣ የምርምር ጽሑፍ፣ ዳፕሶንን ፈጽሞ ወስደው በማያውቁ አዲስ ሕሙማን ላይ እንኳ መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ መገኘቱን አስታወቀ። ይኸውም መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ከሌሎችም አገሮች ተሰብስቦ፣ በ1981 የዓለም የጤና ድርጅት መድኃኒቶቹ በአንድነት እንዲሰጡ ወሰነ። የአንድ ጊዜ ሪፋምፒሲን ብቻውን ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ የሚበልጠውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ሌሎቹ ደግሞ የተረፈውን ይለቅማሉ። ሕክምናው እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወር ወይም 12 ወር ይፈጃል። ከ1995 ጀምሮም መድኃኒቱ በዓለም ሁሉ ለሕመምተኛው በነፃ ይሰጣል። የተማሪዬ አያት የዳኑት በዚህ መድኃኒት ነው።

ሥቃይ የተባለው ዘበኛ

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። መልሱን ካነበብሁ በኋላ በዐይኔ ማየት ፈለግሁና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በልጅቱ ጋባዥነት ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እማማ (ስማቸውን አልጽፍም) ጠባብ ግን የተጠረገች ክፍል ውስጥ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። የጀበናው ጆሮ በወፍራም ጨርቅ ተጠምጥሟል። ሲኒውን ሲያቀብሉኝ በሁለት መዳፋቸው አጣብቀው ነው፤ ጣቶቻቸው ከአንጓው በላይ የሉም።

«ልጄ» አሉኝ፤ «አንተ ሲያቃጥልህ ታውቃለህ። እኔ ግን የማውቀው ሥጋው ሲሸተኝ ነው።»

ይህች አንዲት ቃል ካነበብኋቸው መጻሕፍት ሁሉ በለጠችብኝ። ባክቴሪያው ጣት አይበላም። የሚያጠፋው ነርቭን ነው። ነርቩ ሲሞት ሙቀትም፣ ቅዝቃዜም፣ ሥቃይም አይሰማም። ሥቃይን ሁላችን እንጠላዋለን እንጂ፣ ሥቃይ ያለ ደመወዝ ቀንና ሌሊት ቤታችንን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ሲሞት ምጣዱ ያቃጥላል፤ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ይቦረቡራል፤ ቁስሉ ስለማያም እንደ ጤነኛ ይሠሩበታል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል፤ አጥንቱም እያጠረ ይሄዳል። የዐይን ሽፋን ነርቭ ሲጐዳም ሰው ዐይኑን መጨፈን ስለሚሳነው አቧራው ያሳውረዋል።

ይህን ጉዳይ በሚገባ ካስረዱት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በሕንድ አገር በቬሎር ሲሠራ፣ የሕሙማኑን እያንዳንዱን ቁስል እየተከታተለ መነሻውን ጠየቀ። ከሞላ ጐደል ሁሉም የቃጠሎ፣ የመቆረጥ ወይም የጫማ ቁስል ሆኖ ተገኘ። ሌሊት ተኝተው ሳሉ አይጥ ጣታቸውን የምትግጣቸውና የማይነቁም ነበሩ። ብራንድ ጤነኛውን ጅማት ወደ ሰነፈው ጣት እያዛወረ፣ የተጨበጠ እጅ እንዲዘረጋ ያደርግ ነበር። ይህ ጥበብ በኋላ በአለርትም ይሠራበት፣ ለሌሎችም ይማሩበት ጀመር።

ከዚህ በላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ ነርቭን የሚጐዳው ባክቴሪያው ሳይሆን የገዛ ሰውነታችን መከላከያ ሠራዊት ነው። ጠላት መኖሩን ሲያውቅ በድንገት ይቆጣና፣ ባክቴሪያው የተሸሸገበትን ነርቭ አብሮ ያቃጥለዋል። ይህም በሕክምና ላይ ሳሉ፣ ከሕክምናም በኋላ ሊደርስ ይችላል። ለዚህ በቶሎ ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ከተሰጠ ብዙ ጊዜ ነርቩ ይድናል፤ ወራት ካለፉ በኋላ ግን የሞተው አይነሣም። ከ1988 ጀምሮ የአለርት ሐኪሞች በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የታከሙ ሕሙማንን እስከ 10 ዓመት ድረስ ተከታትለው ነበር። በሽታው ያገረሸባቸው እጅግ ጥቂት ሆኑ። ነገር ግን ከአዲሶቹ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ገና ሲመጡ ነርቫቸው ተጐድቶ ነበር። ክኒኑ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የጠፋውን ጊዜ ግን አይመልስም።

እማማ ለምን ቶሎ እንዳልመጡ ጠየቅኋቸው። በጉንጫቸውና በክንዳቸው ላይ ጠፍ ያለ ምልክት ባዩ ጊዜ ገና አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በነጠላ ሸፈኑት። «ምልክቱን ሳይሆን ሰውን ፈርቼ ነው» አሉኝ። እንግዲህ ተማሪዬ ለጠየቀችኝ ጥያቄ እውነተኛው መልስ ይህ ነው፤ ጣቶቻቸውን እሳቱ በላቸው፤ ወደ እሳቱ ያደረሳቸው ግን የእኛ ፍርሃት ነው። ባክቴሪያው በመካከሉ ትንሽ ድርሻ ቢኖረው ነው።

የተባረሩት ቤት ለአባራሪውም

ምርምሩ አልቆመም። በ2008 በባንግላዴሽ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ከሕመምተኛ ጋር የቅርብ ግንኙነት ላላቸው ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ሪፋምፒሲን ቢሰጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚይዛቸውን ሰዎች ቁጥር ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳየ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2018 ይህንኑ መከረ። በ2024 ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ የተሠራው ቤዳኩዊሊን የተባለው አዲስ መድኃኒት በብራዚል 9 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ከቆዳቸው የተወሰደው ባክቴሪያ በአይጥ መዳፍ ሊራባ አልቻለም። ከስድሳ ዓመት በፊት የተጀመረው የአይጥ መዳፍ ሙከራ ዛሬም ሥራ ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

የእኛም ሰፈር ኢንስቲትዩት ዛሬ ከሥጋ ደዌ አልፎ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባና በሌሎችም በሽታዎች ላይ ይመራመራል። በ2022 በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ምክንያቱን ለማግኘት ከወጡት መካከል ተመራማሪዎቹ ነበሩ። ከጥር እስከ ግንቦት 2019 በከተማዋ 205 ሰዎች ብቻ ወባ ይዟቸው ሲመዘገቡ፣ በ2022 በዚያው ወቅት ከ2,400 በላይ ሆኑ። ውጤቱ በ2023 ሲታተም ዋናዋ ተጠርጣሪ ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ሆና ተገኘች። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፤ በከተማ በርሜልና በውሃ ገንዳ ውስጥ ትራባለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየችው በ2016 በቀብሪ ደሃር ነበር። አንባቢዬ፣ ነገሩን ገልብጠህ ተመልከተው። ለተባረሩ ሰዎች ተብሎ ከከተማ ዳር የተሠራው ቤት፣ ዛሬ ያባረራቸውን ከተሜ ከወባ ለመጠበቅ ይደክማል።

ለአንባቢ አንድ አደራ

በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 የሚበልጡ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። በሽታው በዘር አይወርድም፤ በእርግማንም አይመጣም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው መድኃኒት ካልጀመረ ሕመምተኛ አፍንጫና አፍ በሚወጣ ትንፋሽ፣ ለረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር ነው። እጅ በመጨባበጥና በአንድ መሶብ በመብላት አይያዙትም። ከሰው ልጅ አብዛኛው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰውም ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል።

ምልክቱ ከቆዳ ጠፍ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያሳክክና የማያም ቦታ ነው። ከተለመደው ለምጽ የሚለየውም ስሜት በማጣቱ ነው፤ ለምጽ የወጣበት ቆዳ ፍጹም ነጭ ቢሆንም ሲነኩት ይሰማል። ሐኪሙ የሚፈትነው በጥጥ ጫፍ ነው፤ ዐይንህን ጨፍነህ በጥጥ ሲነካህ ካልተሰማህ ጉዳዩ መመርመር አለበት። በሽታው ከተያዙበት ቀን አንሥቶ እስኪታይ ብዙ ጊዜ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይፈጅበታልና፣ «ከማን ያዘኝ?» እያሉ ጊዜ ማጥፋት አይጠቅምም።

ሰኞ ክፍል ገብቼ በመጀመሪያ ስሕተቴን በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ፤ «ባክቴሪያው ጣት ይበላል» የሚለውንም በፊታቸው ሰረዝሁት። ከዚያም ተማሪዎቼን ጠመኔ እንዲይዙ፣ ቀጥሎም ጓንት አጥልቀው እንዲጽፉ አደረግሁ። ምን ያህል እንደሚከብድ አዩ። በዘር ይወርዳል ያለው ልጅ ጠመኔውን ሁለት ጊዜ ሰበረ፤ የሳቀ ግን አልነበረም። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ልጅ እጇን አነሣችና፣ «አያቴ እኮ ዘነበወርቅ ነው የምትኖረው» ብላ ጀመረች። ክፍሉም ዝም ብሎ አዳመጣት።